ለሟች የተላከ የሰርግ ካርድ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለዓለምነሽ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጥቅምትን አበባ ያህል የበዛ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እመብርሃን በመዳፏ ትያዝሽ። የጅቡቲን ሙቀት ታብርድልሽ። እኔ፣ ባለቤቴ አበቡና ልጃችን ፅዮናዊት ካንቺ ናፍቆት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

እህት ዓለም፣ የምሥራች ይዣለሁ። ፅዮናዊት ታጨች። ልጁ ይዲድያ ይባላል፣ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ይሠራል፣ ጨዋ የጨዋ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ መስከረም መጨረሻ ላይ መጥተው ነገሩ በሰላም አለቀ። ሰርጉም ለጥር 25 ተቆርጧል። የቤተሰቡን ነገር ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

እንግዲህ ጅቡቲ ያለ ዘመድ ለእንዲህ ያለው ቀን ነውና፣ ለሙሽራዋ ጥሩ ሽቶ፣ ለእናቷም አንድ ደህና ዲራ ቀሚስ ብትልኪልን ደስታችን ሙሉ ይሆናል።

ሌላው፣ ለጊዜው ስልክ አትደውይ። የአበቡ ስልክ ተበላሽቷል፣ የእኔም ሰሞኑን ኔትወርክ አይዝም። ደብዳቤ ይሻለናል። አባታችንም ባቡር ላይ ሲሠራ የሚጽፍልን ደብዳቤ ነበር። ሹፌሩ ባንቴም ደብዳቤሽን ቤት ድረስ እንዳያመጣው፣ መለዋወጫ ሱቁ ጋ ይተውልኝ። ሰፈራችን መንገዱ ስለተቆፈረ መኪናው አይገባለትም።

በጸሎትሽ አስቢን። አምላክ ትዕግሥትሽን ይቁጠርልሽ።

ወንድምሽ ሽመክት


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ሽመክት፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። ሙቀቱ እንዲበርድልኝ መመረቅህም ደግ ነው። ግን መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ቬንቲላተሩ ቆሟል፣ ምርቃትህ እስከ ቆጣሪው አልደረሰም።

የፅዮናዊትን ነገር ሳነብ እልል ማለት አማረኝ። እልል ለማለትም ሳንባ ይፈልጋል፣ የእኔ ደግሞ በግማሹ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጀዋሪያን እልል በይልኝ አልኳት። እሷም ለማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ በሶማሌ እልልታ ቤቱን አናጋችው። ጎረቤት ሁሉ የምሥራቹን ሊሰማ መጣ። ጀዋሪያን አትረሳትም መቼም፣ ከእናታችን ቤት አጠገብ ያደገችው ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምታጥበኝ፣ የምታጎርሰኝ፣ በየሦስት ሰዓቱ የምታገላብጠኝ እሷ ናት። ይህን ደብዳቤ እንደ ሁልጊዜው ጫፉ ላስቲክ የሆነ ዘንግ በጥርሴ ይዤ፣ ፊቴ ላይ በተሰቀለው ስልክ አንድ አንድ ፊደል እየነካሁ ነው የምጽፈው። አትማ የምታመጣውም እሷው ናት።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ አታውቅም፣ እኔው ልንገርህ። የአገራችን ሹፌር ወደብ ላይ ወረቀቱ ሲያዝበት፣ ዘበኛው በፈረንሳይኛ ሲጮህበት፣ የአፋር ሽማግሌ መንገድ ሲዘጋበት ለእኔ ይደውላል። እኔም ለያንዳንዱ በሚገባው ቋንቋ ተናግሬ አስማማለሁ። በቀን አርባ ጊዜ ይደወልልኛል። ዓለምነሽ ብሎ የሚጠራኝ ግን የለም፣ ሁሉም ፀዲ ነው የሚለኝ። ስልኩ ከእኔ በፊት ይህን ሥራ ትሠራ የነበረችው የፀዳል ነበር። ባሏን ተከትላ ስትሄድ ሰጥታኝ ሄደች፣ እኔም ከነስሙ ወረስኩት። ከባንቴ በቀር መልኬን የሚያውቅ ሹፌር የለም። ከአንገቴ በታች እንደማልንቀሳቀስም አያውቁም። ለምን ብለው ይወቁ? የሚፈልጉት ከአንገቴ በላይ ያለውን ነው።

ባለፈው እሑድ አራት ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሊጠይቁኝ መጡ። በራፉ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። አንደኛዋ የሽንት ከረጢቴን እያየች፣ ተመስገን ለማለት እንዲህ ያለውን ማየት ነው አለች፣ እዚያው ፊቴ ላይ። ጆሮዬም ሽባ የሆነ መስሏት ይሆናል። ሌላዋ ፎቶ ልታነሳኝ ስልኳን አወጣች። ደግነቱ ያኔ አንድ ሹፌር ደወለ። የወደቡን ሰውዬ በፈረንሳይኛ አንድ ጊዜ ስጮህበት ደንግጠው ብርቱካናቸውን አስቀምጠው ወጡ። ብርቱካኑን ለጀዋሪያ ፍየል ሰጠነው። እኔ ገላዬን አልጸየፈውም፣ ጋሼ። ሃያ ሁለት ዓመት ተላምደናል። የምጸየፈው አጠገቤ ቆሞ ራሱን የሚመርቀውን ሰው ነው።

ሽቶውንና ዲራውን ልኬአለሁ። አሁን አንተ ለእኔ አንድ ነገር አድርግልኝ፤ ፅዮናዊት ትደውልልኝ። ቤትህ በነበርኩባቸው አራት ዓመታት ጓዳ ተኝቼ በአገጬ እየጠቆምኩ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ድምፅዋን ልስማ። ደግሞ ባንቴ መንገዱ አልተቆፈረም ይላል። ትናንት በዚያ ሲያልፍ የቆሻሻ መኪና ሳይቀር ሲገባ አይቷል። ምንድን ነው ነገሩ?

እህትህ ዓለምነሽ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለዓለምነሽ፣

ከሰንበት ሰንበት በማይጎድል ናፍቆት ሰላም እልሻለሁ። ቅዱስ ገብርኤል ክንፉን ያልብስሽ። መልሴ የዘገየው በክፋት አይደለም። የሰርግ ጣጣ፣ የሥራ ጣጣ፣ ያቺ የማታልቅ የቀበሌ ጣጣ ነው።

ሽቶው ደርሷል። ፅዮናዊት ወደደችው። ከማን እንደሆነ ለጊዜው አልነገርኳትም፣ በሰርጓ ቀን ላስደንቃት ብዬ ነው። ከዚህ በኋላ የምትልኪው ነገር ካለ ስምሽን አትጻፊበት። እንዲሁ ለጥንቃቄ ያህል ነው፣ ሌላ ነገር አታስቢ።

ስለ ስልኩ አትቆጪ። ሙሽራ ልጅ ናት፣ ሐሳቧ ሁሉ ተበትኗል። ያንቺን ድምፅ ብትሰማ ሆዷ ይባባል፣ ደስታዋ ይደፈርሳል። ደግሞ እንዲያው ምናልባት ልምጣ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብሽ ከሆነ፣ መንገዱን ለገላሽ አልመኝልሽም። አንቺ መከራሽን በምስጋና የተቀበልሽ ሰው ነሽ፣ ዋጋሽም በሰማይ ተጽፏል። የዚህን ዓለም ድግስና ግርግር ለእኛ ለደካሞቹ ተይልን።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልለምንሽ። ድሬዳዋ ከሚመላለሱ ሹፌሮች ጋር ስለ ቤተሰባችን አታውሪ። ሰው አፉ ክፉ ነው።

የሚወድሽ ወንድምሽ ሽመክት


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታውን ዝለለው። ታሪክ ልንገርህ።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጫት ገብቶ ከተማው ጸጥ ሲል፣ አንድ ሹፌር ደወለልኝ። ዘሩ እባላለሁ አለኝ፣ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው። ከዚህ በፊትም ሁለት ሦስት ጊዜ ወረቀት ተይዞበት ረድቼዋለሁ። አሊ ሳቢህ አጠገብ ግመል ገጭቶ ገድሏል፣ ግመሏ እርጉዝ ነበረች፣ ሃያ የሚሆን ሰው ዱላ ይዞ ከቦታል። የሚሉት ነገር አንዱም አይገባውም። ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ ያድርጉና መሬት ላይ ያስቀምጡት፣ እርስዎም አጠገቡ ይቀመጡ፣ እንዳይቆሙ አልኩት። ከዚያ በሶማልኛ ጀመርኩ። ስለ ካሳ አላነሳሁም። ሽማግሌያቸው የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቅኩ። ዝናብ እንዴት እንደሆነላቸው ጠየቅኩ። ቀጥሎ የግመሏን ስም ጠየቅኩ። ዱላ የያዙት ያን ጊዜ ዝም አሉ፣ የግመል ስም የሚጠይቅ ባዳ ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ። አራት ሰዓት ፈጀ። ጀዋሪያ ስታገላብጠኝ እንኳ ስልኩን አልዘጋሁም፣ ግማሽ ፊቴ ትራስ ውስጥ ተቀብሮ ስለ ግመል እከራከር ነበር። በመጨረሻ ተስማሙ። ሽማግሌው ለጋሽ ዘሩ ሻይ አፈሉለት።

ሰውየው አለቀሰ። የት ነው የምትኖሪው፣ መጥቼ ጉልበትሽን ልሳም አለ። ሹፌር ቤቴ አላስገባም ነበር፣ ይህን ግን እንቢ ማለት አቃተኝ። ቅዳሜ መጣ።

በራፉ ላይ ቆመ። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፣ ቆቡን በእጁ ይዟል። እኔ ፊቱን ነበር የምጠብቀው፣ የሰው ፊት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና። አፍንጫውን አልያዘም። ከንፈሩንም አልመጠጠም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከራሴ እስከ እግሬ መኪና እንደሚያይ አየኝ። "እንዲህ ነው ለካ ነገሩ። ጎማው ሄዷል፣ ሞተሩ ግን ከአዲስ ይሻላል" አለ። ሆዴ ቢንቀሳቀስ ኖሮ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ከዚያ ከኪሱ ካርድ አውጥቶ ዓይኔ ሥር ያዘልኝ። ወንድ ልጁን ሊድር ነው፣ እኔ ካልመጣሁ ሰርጉ ሰርግ አይሆንለትም። አነበብኩት። ይዲድያ ዘሩ። ፅዮናዊት ሽመክት። ከታች ያንተና የአበቡ ስም።

የሴቷ ቤተሰብ እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው ብዬ ጠየቅኩት። ደጎች ናቸው አለኝ። ምስኪኖች፣ ሐዘን ላይ ነበሩ። የአባትየው እህት እዚሁ ጅቡቲ ሞታባቸው መርዶው የተሰማው በሽምግልናው ሰሞን ነው። ሦስት ቀን ድንኳን ተቀምጧል፣ አርባዋንም በልቷል። ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?

"ዓለምነሽ ነው ስሟ። የዚህ አገር ሐበሻ ሁሉ ይተዋወቃልና፣ ታውቂያት ነበር?"

አውቃታለሁ አልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነበረች አለኝ። ክፉ አልነበረችም አልኩት።

እሱ እንደወጣ ጀዋሪያን ባልዲ አምጪ አልኳት። የበላሁት ሁሉ ወጣ። እኔ ስተፋ በጎን ካልያዙኝ ያንቀኛል። ታንቄ ቃልህን እንዳልሞላልህ ጭንቅላቴን ይዛ ተሟገተችልኝ።

ጋሼ፣ እስቲ ንገረኝ። ስንት ቄስ መጣ? ንፍሮው ጨው ነበረው? ሙሾ አውራጇ ስለ እኔ ምን አለች? ፎቶዬንስ ድንኳኑ ውስጥ ሰቅላችኋል? የቱን? ቆሜ የተነሳሁትን ነው፣ አይደል? ፅዮናዊትስ ስታለቅስ አጠገቧ ቁጭ ብለህ እንባዋን ትጠርግላት ነበር?

ለጋሽ ዘሩ አልነገርኩትም። መንገር ያለብህ አንተ ነህ። እስከ ገና እጠብቅሃለሁ።

ዓለምነሽ


ድሬዳዋ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ዓለምነሽ፣

ደብዳቤሽን መለዋወጫ ሱቁ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ገና አለፈ፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳላውቅ አለፈ።

ስሚኝ፣ አስቤ ያደረግኩት አይደለም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። አንደኛው፣ አቶ ታምሩ የሚባሉት፣ ያቺ ጅቡቲ ያለችው እህትህ በሽታዋ የዘር ነው ሲባል ሰምተናል፣ አሁን እንዴት ናት አሉኝ። የአከርካሪ ቲቢ ነው፣ በዘር አይሄድም ብሎ ሐኪሙ የነገረንን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "አርፋለች" የሚል ነው። ከየት እንደመጣ ፈጣሪ ያውቃል። ይቺን ብዬ ነገሩን እዘጋለሁ ብዬ ነበር።

ጎረቤታችን በዕውቀቱ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ እዚያው ተቀምጦ ነበር። እንዴት መርዶ ደብቀህ ብቻህን ታለቅሳለህ፣ እኛ ለመቼ ነን ብሎ ተቆጣኝ። በማግስቱ ጠዋት ጡሩምባ ተነፋ። እኔ ሱሪዬን ታጥቄ ሳልወጣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል። ያን ጊዜ ምን ልበል? የለም፣ ሕያው ናት ብል ልጄን ማን ያገባታል? እኔን ማን ዕድር ያስገባኛል? ፎቶው አዎ፣ የቆምሽበት ነው። ሌላ የለኝም። አልቅሼም ነበር፣ ዓለምነሽ፣ ከልቤ ነው ያለቀስኩት።

አሁን ደግሞ ልቆጣሽ ሳይሆን በእውነት ልጠይቅሽ። ያንቺ ኑሮ ኑሮ ነው ወይ? ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ እያየሽ፣ በሰው እጅ እየታጠብሽ። እኔ የተናገርኩት ቃል ከእውነቱ ያን ያህል የራቀ ነው? አንቺ ከዚህ ዓለም የቀረሽ ነገር የለም፣ ፅዮናዊት ግን ገና ጀማሪ ናት። ትልቅ ሰው ለትንሽ ይተዋል።

ሃያ አምስት እስኪያልፍ ድረስ ሞተሽ ቆይልኝ። ለዘሩ ታምሜያለሁ በይው። ከሰርጉ በኋላ፣ ልጅ ከወለዱ በኋላ፣ መርዶው ስህተት ነበር እላለሁ። እግርሽ ላይ ወድቄ ነው የምለምንሽ።

ሽመክት


ጅቡቲ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሽመክት፣

እግሬ ላይ ብትወድቅ አይሰማኝም። ሌላ ቦታ ፈልግ።

ኑሮ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ልመልስልህ። ጠዋት ጀዋሪያ ትገባለች፣ ትሰድበኛለች፣ እሰድባታለሁ፣ ታጥበኛለች። መቀመጫዬ ላይ ሁለት ቁስል አለ፣ አንዱ ይሸታል። ቁራዎቹ ቆርቆሮው ላይ ይጨቃጨቃሉ። ዳቦ በሻይ ታጎርሰኛለች። ከዚያ ስልኩ ይጀምራል። አንዱ ሚስቱ ምጥ ላይ ናት፣ ወደብ ላይ ግን ወረፋ ይዞታል፣ ወረፋ አስለውጥለታለሁ። አንዱ ባልባላ ሰፈር ውስጥ መንገድ ጠፍቶበት ከግድግዳ ጋር ተፋጥጧል፣ በቃል መርቼ አወጣዋለሁ። አንዱ ምንም አልቸገረው፣ ብቻውን ስለሆነ ነው የሚደውለው። በቀን አርባ ሰው ስሜን ይጠራል፣ የእኔ ባይሆንም። ያንተን ስም በቀን ስንት ሰው ይጠራል? እኔ ጣሪያ እያየሁ አልኖርኩም። ጣሪያ እያየሁ የኖርኩት ያንተ ጓዳ ውስጥ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩን ትዘጋብኝ ነበር። የሳሌ ድምፅ እንዳይሰማ ትራሴን እነክስ ነበር። እናታችን ያን አይታ ነው አስጭና ወደዚህ የመለሰችኝ፣ አንተ ግን ሕክምና ፍለጋ ሄደች ብለህ ለሰው አወራህ። ያኔም ምላስህ ቀድሞህ ነው?

ወንድሜ ስለሆንክ ብዙ ነገር ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሳትጠይቀኝም። ይህኛው ግን ጉሮሮዬን አላልፍ አለኝ። አርፋለች ማለትህን አይደለም የምለው፣ ፈሪ ሰው ብዙ ይላል። ከልቤ አለቀስኩ ያልከውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሕይወት ሳለሁ ያላለቀስክልኝን ለውሸት ሬሳዬ አለቀስክ፣ ሰው እያየህ። ይህን እንባ ነው የተጸየፍኩት።

ትልቅ ሰው ለትንሽ ይተዋል ብለሃል። ፅዮናዊትን እንደ ሕፃን አትቁጠራት። ፊደል ሳስቆጥራት ስትሳሳት ከአልጋዬ አትወርድም ነበር፣ እስክታውቀው። እሷን የሚያፈርሳት እውነት አይደለም።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ባንቴ አይደለም። ቀና በልና እየው። ፊት ለፊትህ የቆመው ጋሽ ዘሩ ነው። "ለሙሽራዋ አባት የሚደርስ ነው፣ አንብበው ሲጨርሱ ከማን እንደሆነ ይጠይቋቸውና መልሱን ይዘውልኝ ይምጡ" ብዬዋለሁ። አልከፈተውም፣ አደራ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ብነግረው ክስ ይሆናል። አንተ ብትነግረው ኑዛዜ ነው።

ፀዲ የምትባል ሴት ናት፣ ስለ ዕቃ የጻፈችው ነው ካልከው እሱ ያምንሃል። እኔም አልከራከርህም። ሰርጉን አልመጣም፣ አልደውልም፣ ሞቼልህ እቀራለሁ። ያን ጊዜ ግን በአፍህ ሳይሆን በእጅህ ቀበርከኝ ማለት ነው።

ጨርሰሃል። ከማን ነው ብሎ ሊጠይቅህ ነው።


ድሬዳዋ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓለምነሽ፣

ሰላምታ መጻፍ አፈርኩ።

ከማን ነው አለኝ። ከእህቴ አልኩት። ከየትኛዋ አለኝ። "ከአንዷ፤ ሌላ የለኝም" አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባውና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ያን ንፍሮ በላሁት እኮ አለ። ተነስቶ ከግቢው ወጣ። አበቡ በቃ ፈረሰ ብላ እሪ አለች፣ እኔም ሰርጉ የቀረ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከልጁ ጋር ተመልሶ መጣ። ይዲድያ፣ ቲቢ በዘር እንደማይሄድ እኔን ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር፣ ሥራዬ አይደል እንዴ አለ። እንደ ቀላል ነገር ነው ያለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዘሩ ግን እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ለአበቡ ነው የነገራት። ሰርጉ አይቀርም፣ የሙሽሪት አክስት ግን ከእኛ ከወንዱ ወገን ሆና ነው የምትገባው፣ እናንተ ቀብራችኋታልና አለ። በመኪናው፣ ከመቀመጫው ኋላ ባለው አልጋ፣ ራሱ ያመጣሻል።

ፅዮናዊት አላናገረችኝም። ሳሎን የሰቀልነውን ያን ፎቶሽን አወረደችው፣ ጥቁሩን ጨርቅም ቀደደችው። ከዚያ ሜትር ይዛ የበሮቹን ስፋት ስትለካ ዋለች። የስልክ ቁጥርሽን ከዘሩ ተቀብላለች፣ ትደውልልሻለች።

ለበዕውቀቱም ነገርኩት። የሞተ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚደረግ በዕድሩ ደንብ የለም አለኝ። እሑድ ስብሰባ ላይ ቆሜ እናገራለሁ። ያስወጡኝ ይሆናል።

ይቅርታ አድርጊልኝ። አልጋሽን በተመለከተ ጓዳውን አስጸድቼ ቀለም አስቀብቻለሁ። የሰው ግርግር እንዳያስቸግርሽ በሩንም በደንብ እንዲዘጋ አሠርቼዋለሁ።

ወንድምሽ ሽመክት


ጅቡቲ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሽመክት፣

ፅዮናዊት ደውላልኛለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን፣ ሹፌሮቼ መስመሩ ተያዘ ብለው ተማረሩ። ምን እንዳልን አልነግርህም።

ሐሙስ እንነሳለን። ጋሽ ዘሩ በየሦስት ሰዓቱ ሊያቆም ምሏል። ጀዋሪያ አብራኝ ትመጣለች። እሷ ሙስሊም ናት፣ ሥጋዋ ለብቻው ይታረድላት። አሊ ሳቢህ ስንደርስ የግመሏ ባለቤት ሽማግሌ ወተት ይዘው መንገድ ዳር እንደሚጠብቁን መልእክት ልከውብኛል።

የጓዳውን በር ስላሠራህ እግዜር ይስጥህ፣ ዕቃህን ቆልፍበት። እኔ እዚያ አልገባም። አልጋዬን ሳሎን አድርገው፣ ከዋናው በር ፊት ለፊት፣ ሰርገኛው ሲገባ እንዳየውና እንዲያየኝ። በዕውቀቱም፣ አቶ ታምሩም፣ ንፍሮዬን የበላ ሁሉ በዚያ በኩል ይለፍ። የሽንት ከረጢቴንም በጨርቅ አትሸፍኑብኝ። ካልሸፈናችሁት ሰው ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን ያያል። ከሸፈናችሁት ምን ይሆን እያለ ወደዚያው ነው የሚያፈጠው።

ይቅርታ ብለህ ጽፈሃል። ዛሬም ስምህን ስጠራ አፌ ይመርረኛል። መጥቼ አይህና እሱን ያን ጊዜ እናወራዋለን፣ ወይም አናወራውም።

ደግሞ ከአልጋው አጠገብ ሶኬት ይኑር። ሰርግ ቢሆንም ሹፌር ይደውላል። እሱን እንዳትረሳ።

እህትህ ዓለምነሽ